የካሴቱ ጀርባ

ሐረጎን ስንወጣ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣
የቲማቲም ዋጋ ሳሰላ ለራሴ፣
ልጅ እግሩ ሾፌር ፍላሹን ሰካና
ያ ጊታር ተነሣ፣ ያኔ እንደሆነው ገና፤
መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ክሩን እየነካካ፣
ኋላ እንደ ቆርቆሮ፣ በበረዶ ሲንኳኳ።
«ይሄ ደግሞ ምን ጩኸት ነው?» አሉ ከፊት አንድ ሽማግሌ።

እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።
ሆጤ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ድንጋይ አጥሩ ላይ፣
ጦሳ ጉሙን ለብሶ ቁልቁል እኛን ሲያይ፣
የአበጋዝ ልጅ ሙሄ ከጃኬቱ ኪስ ካሴት ያወጣል፤
ሽፋን የለው፣ ስም የለው፣ ጥጉ ተሰንጥቋል።

አባቱ ተሳቢ ነጂ፣ የአሰብ መንገድ ሰው፣
ከወደቡ ጉሊት፣ በኪሎ እንደ ጨው፣
ባለቤቱ የጠፋ ካሴት ነው የሚያመጣው።
መርከበኛ ይርሳው፣ ወታደር ይሽጠው፣ ማን ያውቃል?
ብቻ ጸጉራቸው የተንጨባረረ የሚመስሉኝ ልጆች
በማናውቀው ከተማ፣ በማናውቀው ጋራዥ፣
የማናውቀውን ሐዘን ይጮኹልን ነበር።
ይገባን ነበር።

ባዶ ካሴት ውድ ነው። ሙሄ ሌባ አይደለም፤
ግን የአክስቱን የሐዋን መንዙማ አነሣ፣
ቀዳዳውን በፕላስተር ደፈነ፣
በላዩ ላይ ጊታሩን ቀዳ። ለኔ።
«ጀርባውን ስሚው» አለኝ፣ ፊቱን አዙሮ።

የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙ ይሰክራል፤
ድምፁ ይወፍራል፣ ቃሉ ይጎተታል።
ድንጋዩን አውጥተን፣ በጥርስ ነከስ አርገን፣
ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን እንደ በርበሬ፤
ደሴ ላይ ፀሐይ ካለች።
ከሌለች ሙሄ በብብቱ ይዞ ያሞቀዋል፣
እስኪሞቅ እናወራለን።
ስንት ቀን ጉሙ እንዳይገፈፍ ተመኝቻለሁ!

«ሰንደል ነው የሚለው።»
«አይደለም፣ ሰንበት ነው።»
«ፈረንጅን ሰንበት ምን አስጮኸው?»
«ሰንደልስ?»
በደብተሬ የኋላ ገጽ፣ ከኬሚስትሪው ማዶ፣
እንደሰማነው በፊደል ጻፍነው።
አንድም ቃል ትክክል የለበትም፤
አንድም ቃል አልረሳሁም።
(ኋላ ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛው ሲገባኝ፣
ሰውዬው ለካ «ደውዪልኝ» ነው የሚለው።
ቅር አለኝ። ሰንደል ይሻል ነበር።)

የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ግን፣
ሙሄ ቸኩሎ አጥፍቶት ይሁን ሒሳቡ ጎድሎ፣
ጊታሩ እየሞተ፣ ክሩ ሽሽ ሲል፣
ከሥር ብቅ ይላል የመንዙማው ድቤ፤
ጭብጨባው፣ «አሚን» የሚል የሰው ጎርፍ፣
የአክስት ሐዋ ሐሙስ ማታ።
ዐሥራ አንድ ሴኮንድ። ቆጥሬዋለሁ።
ከዚያ ቀጭ።
እጄን የያዘኝ በዚያች መሃል ነው፣ ቀድሞም አይደል ኋላም።
የማናችን ልብ እንደሆነ ሳንጠያየቅ
«ድቤው ነው» ተባብለን ዝም አልን።

በዘጠና፣ በግንቦት፣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ።
ተሳቢው ቆሞ ዛገ።
አበጋዝ ቤቱን ጠቅልሎ ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤
ሙሄ አልተሰናበተኝም፣
ወይም መጥቶ ይሆናል፤ ደጃችን ውሻ ነበረን።
ካሴቱን የወንድሜ ቴፕ በላው። በቢክ ጠቀለልኩት፣
ሲበጠስ በጥፍር ቀለም አጣበቅኩት፣ ሁለቴ፤
በሦስተኛው እንቢ አለ።
አሁን ሣጥን ውስጥ ነው፣ ከጋብቻ ወረቀቴ ሥር።

ሚኒባሱ የመጨረሻውን ኩርባ ዞረ፣ ጉሙ ተቀበለን።
ዘፈኑም አለቀ፤ ጥርት ብሎ፣ ታጥቦ፣ አንድ ጭረት ሳይኖርበት።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሌላ ዘፈን ገባ።
አራት። አምስት።
«እትዬ፣ ፒያሳ ነው ያሉት፣ አይወርዱም?» አለኝ ረዳቱ።
«ቆይ» አልኩት፣ «አላለቀም።»